ሠላሳ ስምንት ጥንድ እግር በአንድ ፎልደር

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለሯጯ ልጄ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በደስታ እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። እኔና እትዬሽ ደህና ነን። ጆሮዬ ብቻ ይህን ሁሉ ዓመት መዶሻ ሲሰማ ኖሮ አሁን በቃኝ ብሏል። ስልክ ስትደውዪ «ሃሎ፣ ሃሎ» ከማለት አልፌ ስለማላውቅ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ደግሞም ወረቀት ኮምፒውተሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀልና ስሠራ እያየሁት እሠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቄ መደርደሪያ ላይ ሠላሳ ስምንት ጥንድ የእንጨት እግር እንዳለ ታውቂያለሽ፤ እኛ ፎርማ የምንለው። አንድ እግሩ የሚያጥር፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ጣቱ የጎደለ ደንበኛዬ ሁሉ ጫማው የሚሰፋው በራሱ ፎርማ ላይ ነው። አንቺ ቁጥር ሰባት ነሽ። ከስምንት ዓመትሽ ጀምሮ አንቺ ስታድጊ እኔም ፎርማሽ ላይ ቆዳ እየለጠፍኩ አሳድጌዋለሁ።

ዘንድሮ ቀኝ እጄ አንዳንዴ አልታዘዝ ይለኛል። ብዙ አይደለም። ግን እኔ ሥራውን ባቆም እነዚያ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ማን ዘንድ ይሄዳሉ? አንቺስ? ያስተማርኳቸው ሁለቱም የፋብሪካ ጫማ ወደ መሸጥ ገብተዋል። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ፣ አለካኩን፣ የቆዳውን አቆራረጥ፣ የሶሉን አደራረብ፣ እያንዳንዱን እግር ከነሥዕሉ በድረ ገጽ ላወጣው ቆርጬ ተነሣሁ። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የትም ያለ ጫማ ሠሪ ከፍቶ አይቶ እንዲሠራ።

ከአንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት የገዛሁት ኮምፒውተር ላይ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነበረ። የቆዳ ሠራተኞች ማኅበራችን ደግሞ የራሱ ድረ ገጽ አለው። ጸሐፊው «በእኛ ሥር አንድ ፎልደር እንስጥዎት፤ ስሙ ‹እግር› ይሁን» አለኝ። መርቄ ተቀበልኩ። ሠርቼ ስጨርስ «ፐብሊሽ» የሚለውን፣ አውጣ ማለት ነው፣ ተጫንኩ።

በማግስቱ ጸሐፊው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሱቄ ከች አለ። የማኅበሩ የፊት ገጽ፣ የሊቀ መንበሩ ፎቶ የነበረበት፣ ጠፍቶ በቦታው የቁጥር ዐሥራ አንድ ጠፍጣፋ እግር ተንሰራፍቷል። ፎልደሩን ሳልነግረው ስለቀረሁ ፕሮግራሙ ደጃፉ ላይ ዘርግፎት ነው። ሊቀ መንበሩ ራሱ ከፍቶ አይቶ «ይህን ያህል ዓመት አገልግዬ እግር ሆኜ ቀረሁ?» አለ አሉ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። እትዬሽ ግን ወደ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ጆሮ የሌለኝ እኔ እንኳ ሰማኋት።

ያንን መለሱት። ለእኔም የእኔን ፎልደር ብቻ የሚከፍት አዲስ የይለፍ ቃል ሰጡኝ፤ ለማንም እንዳልሰጥ ቃል አስገቡኝ። እስከ ጥር መጨረሻ ካልተስተካከለ ፎልደሩ ይዘጋል ተብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቄ እንደገና ሞላሁ። ፕሮግራሙ «በተሳካ ሁኔታ ወጥቷል» ይላል። የማኅበሩን አድራሻ ጽፌ ከኋላው «እግር» ብዬ ስከፍት ግን «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም» ይለኛል። ስድስት ጊዜ አወጣሁ፣ ስድስት ጊዜ ተሳካ፣ ስድስቱም የት እንደገቡ እንጃ።

የመሥሪያ ቤትሽን ድረ ገጽ የምታድሺው አንቺ ነሽ ብላ እናትሽ ነግራኝ ነበር። ካልከበደሽ ምከሪኝ። መንገድሽ ሁሉ እንቅፋት የሌለበት ይሁን።

ጋሼሽ


ጥቅምት 17 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

በያላችሁበት ሰላምና ጤና አይለያችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሳይ ደነገጥኩ፤ ከእርስዎ እጅ ጫማ እንጂ ወረቀት መጥቶልኝ አያውቅምና። የሊቀ መንበሩ ጋ ስደርስ ግን በሳቅ ስለፈረስኩ የሥራ ባልደረቦቼ ምን ነካት ብለው ተሰበሰቡ። መተርጎም አቅቶኝ ቀረ።

እውነት ነው፣ የምሠራበት የችግኝ መሸጫ ድረ ገጽ በእኔ እጅ ነው። ባለሙያ ሆኜ አይደለም፤ ሌላ የሚነካው ሰው ስለጠፋ ነው። ግማሽ ቀን ቆሜ ችግኝ አዛውራለሁ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ዋጋ አድሳለሁ። አንድ ጊዜ የጽጌረዳውን ዋጋ ከማዳበሪያው ጋር አቀያይሬ የአገሩ ሰው ሁሉ ጽጌረዳ ሊገዛ ተሰልፎ ያውቃል።

ጋሼ፣ «ካልከበደሽ» ያሉትን ግን ሁለተኛ እንዳይጽፉብኝ። እናቴ «የአክስቴ ልጅ ነው፤ ግን ከወለደኝ አላሳንሰውም» ትል ነበር ስለ እርስዎ። እኔ በልጅነቴ የአክስት ልጅ ማለት ጫማ የሚሰፋ ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር። ይህን ያህል ዓመት በሁለት እግሬ ያቆሙኝን ሰው አንድ ፎልደር ፍለጋ ብረዳ ምን አደረግኩ ይባላል?

የይለፍ ቃሉን አልጠይቅዎትም፤ ቃል ቃል ነው። ይልቅ ፕሮግራሙ ላይ «ወዴት ይውጣ?» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና በየሳጥኑ የጻፉትን ምንም ሳያስተካክሉ፣ ስሕተት የመሰለዎትንም ሳይቀር፣ እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ። ጠፋ የተባለው የሚገኘው ከዚያ ነው።

ስለ እኔ አያስቡ። ጫማዬም ደህና ነው። እትዬን አቅፈው ይሳሙልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 1 ቀን

ለሯጯ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን እትዬሽ ጆሮዬ ሥር ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሦስተኛውን ራሴ አነበብኩት። የሰው ልጅ በሩቅ አገር ሆኖ እንዲህ ሲያስብልኝ ጮቤ ብረግጥ ደስ ባለኝ፤ ጉልበቴ አልፈቀደም እንጂ። ዕድሜሽን ያርዝመው።

የጠየቅሽው ይኸው። ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ፎልደር» ይላል፤ «እግር» ብያለሁ። ሁለተኛው «ንዑስ ፎልደር» ይላል፤ እዚያም «እግር» ብያለሁ። ሦስተኛው «የሳይቱ አድራሻ» ይላል። እዚያ የማኅበሩን አድራሻ ብቻ ጻፍኩና ተውኩት። ያ ሁሉ ጉድ ገና ሳይበርድ ከማኅበሩ ስም ጎን እንደገና «እግር» ብዬ መለጠፍ አሳፈረኝ።

ሁለቱ ላይ ለምን ደጋገምክ ትዪኝ ይሆናል። በእኛ ሥራ ቁጥር ሰባት ሲሰፋ «ሰባት» የሚለው በፎርማው ላይ ይጻፋል፣ በቆዳው ይጻፋል፣ በውስጥ ሶሉ፣ በውጭ ሶሉ፣ በካርቶኑም ይጻፋል። አንዱ ከተረሳ የአንዱ ሰው ተረከዝ ከሌላው ጫማ ጋር ይሰፋል። በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሆኖብኛል። ሰውዬው በሰው ተረከዝ ሁለት ቀን ሄዶ ወገቡ ተያዘ፤ እኔም በሐፍረት ሁለት ሳምንት በዚያ በኩል አላለፍኩም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቦታ ካየሁ እጄ ይበላኛል። ፕሮግራሙ ሌላ ሁለት ሳጥን ቢኖረው እነሱንም እሞላቸው ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ላስቸግርሽ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፊ፣ ካልሲሽን አውልቀሽ ሙሉ ክብደትሽን ጥለሽ ቁሚበት፤ ሰው በእርሳስ ዙሪያውን ይሳልልሽና ላኪልኝ። ያለኝ የቁጥር ሰባት ልክ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጫማዬ ደህና ነው ብለሻል። እሺ። የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያ ሶል ስንት ዓመት እንደሚሄድ አሳምሬ አውቃለሁ።

በእግርሽም በልብሽም ጽኚ።

ጋሼሽ


ኅዳር 14 ቀን

ውድ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስዎ። ዛሬ ለጤናዎ እንኳ በቅጡ ሳልጠይቅ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ምሥራች አለኝ። ገጹ ተገኘ!

አልጠፋም ነበር። ጸሐፊው የሰጠዎት አዲሱ የይለፍ ቃል በሩን ሲከፍት በቀጥታ «እግር» የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው የሚያስገባዎት። ፕሮግራሙ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ የመጀመሪያውን ሳጥን ሲያነብ «እግር የሚባል ክፍል ፈልግ» ተባለ፤ ሲያጣ ጊዜ አዲስ ሠራ። ወደዚያ ገብቶ ሁለተኛውን ሲያነብ ሌላ እግር ሠራ። ስለዚህ ከማኅበሩ አድራሻ ኋላ እግር፣ ደግሞ እግር፣ ደግሞ እግር ብዬ ሦስት ጊዜ ብጽፍ ሠላሳ ስምንቱም ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ስድስት ጊዜ ያወጡት ሁሉ እዚያው በላይ በላዩ ሲጻፍ ነው የከረመው።

መፍትሔው ለእርስዎ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልናገር። ሁለቱን ሳጥኖች ባዶ ይተዉዋቸው። አዎ፣ ባዶ። እጅዎ ሲበላዎ ሌላ ነገር ይከኩበት። ሦስተኛው ልክ ነው፣ አይንኩት። ሥዕሎቹ አልታዩኝም፤ በየቦታቸው ባዶ አራት ማዕዘን ነው ያለው። ገጹ ትክክለኛ ቦታው ሲገባ እነሱም ይመጣሉ ብዬ አስባለሁ።

ጽሑፉን ግን በሙሉ አነበብኩ። ጋሼ፣ ስለ ቁጥር ሰባት የጻፉትን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። «ግራው በሦስት ጣት ያጥራል። ስትሄድ ትቸኩላለች፤ ስለዚህ የሶሉ ፊት ቶሎ ይበላል። ሠሪው ፊቱ ላይ አንድ ድርብ ይጨምር፤ እንዳትቸኩል አይምከራት፣ አትሰማም።» ይህን የምታውቅልኝ እናቴ ብቻ ትመስለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጫማ ያጠለቁልኝ ቀን ከሱቅዎ በር እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ እንድመለስ አዘዙኝ። ሄድኩ፤ ስመለስ ሮጥኩ። «ሂጂ አልኩ እንጂ ሩጪ መቼ አልኩ?» ብለው ተቆጡና ወዲያው ፊትዎን አዞሩ። ያኔ ያለቀሱ አልመሰለኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። ያን ቀን አመሰግናለሁ አላልኩም፤ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ልበል፤ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።

የእግሬን ንድፍ በሌላ ጊዜ እልካለሁ። ሰሞኑን ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

ልጅዎ


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያለፈውን ደብዳቤ ከላክሁት ሰባት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ መልስ ግን የለም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ እርስዎ አንሥተው «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ዘጉት። ድምፅዎን መስማቴ ራሱ ትንሽ አረጋጋኝ።

ገጹንም በየቀኑ ሥራ ስገባ እከፍታለሁ። ትክክለኛው አድራሻ ላይ መጥቷል፤ «እግር» አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ። ሥዕሎቹ ግን አሁንም ባዶ ናቸው። ደግሞ አንድ ቀን ርእሱ ቀይ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ በማግስቱ ጥቁር ይሆናል። አንድ ሰኞ ገጹ ጭራሽ ጠፍቶ ልቤ ወለቀ፤ ማክሰኞ ተመለሰ። ከእኔ ምክር አንዱ ስሕተት ነበረ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም፤ የእኛ የችግኙ ገጽ ፎልደር ውስጥ ስላልሆነ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሥዕል የሌለው የእግር ገጽ ደግሞ ለጫማ ሠሪ ምን ይጠቅማል? ጥርም ገብቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሌላም ይቅርታ አለብኝ። ጫማዬ ደህና ነው ያልኩት ውሸት ነው። የግራው ሶል ሐምሌ ላይ ነው ያለቀው። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ጨርቅ አጥፌ ከውስጥ አደርግበታለሁ። ዳሌዬ ያመኛል፤ ደረጃ ስወጣ ብረቱን ይዤ ነው። ለእርስዎ ያልነገርኩት እጄ አልታዘዝ አለኝ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ እንደምንም ብለው እንዳይሰፉልኝ ፈርቼ። መሥሪያ ቤቴ አጠገብ ጫማ የምትጠግን አንዲት ትልቅ ሴት አለች፤ አሳየኋት። ገልበጥበጥ አድርጋ አይታ «ተረከዝ እጠግናለሁ፤ ይህን ግን አላውቅበትም፣ ባበላሽብሽስ?» ብላ መለሰችልኝ።

ንድፉ ከዚህ ጋር አለ። ከሁለት ወር በፊት ያልላክሁት ሲያዩት ስለሚያውቁብኝ ነው። እትዬ እባክሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

ልጅዎ


ጥር 16 ቀን

ለሯጯ ልጃችን፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ይህን የምትጽፈው እትዬሽ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። በመሃል የራሷን ካስገባች አንቺ አታንብቢው።

የጠፋሁብሽ አፍሬ ነው። ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ። ሁለቱን ሳጥን ባዶ ስተው እንዴት እንደጨነቀኝ አልነግርሽም። ገጹ ከተፍ አለ፤ ሥዕል ግን የለም። እንግዲህ ልጅቷን ስንት ጊዜ አስቸግራለሁ፣ ስጨርስ ምሥራች ብዬ እጽፋለሁ አልኩና ደብተር አወጣሁ። ጫማ ሰው እግር ላይ ሲያም ሁሉን አይፈቱትም፤ አንድ ቦታ ብቻ ታላያለሽ፣ ታስሄጂዋለሽ፣ ትጠይቂያለሽ። እኔም በቀን አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ አወጣሁ፤ የቀየርኩትንና የሆነውን ጻፍኩ። ያየሽው ቀይ ርእስ ዘጠነኛው ሙከራ ነው። ገጹ የጠፋ ሰኞ ዐሥራ አራተኛው ነው፤ እሱን ለማንም አትንገሪ።

እኔ እትዬሽ ነኝ። ያላለሽን ልንገርሽ። እጁ «አንዳንዴ» አይደለም። ከመስከረም ወዲህ ወስፌ መያዝ አልቻለም። ሥዕሎቹን የሣላቸው ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ነው፤ አንዱን ሥዕል ሦስት ቀን ይፈጅበታል። የምድጃ ጨርቅ እየጨመቀ እጁን ሲፈትን አያለሁ፤ አታየኝም ብሎ ነው። ብቻውን ሲሆን የሚያወራው ስለ አንቺ ጫማ ነው። አሁን ቀጥል እያለኝ ነው።

ምን ጻፈች? ተዪው። በሃያ ሁለተኛው ቀን ገጹን ሰፈራችን ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ስልክ ላይ ከፈትን። ልጅቷ ባዶውን ሥዕል ጫን ብላ ስትይዘው ሥዕሉ የሚፈለግበት አድራሻ ወጣ። አየሁት። ከማኅበሩ ስም ቀጥሎ በቀጥታ ሥዕል ይላል፤ እግር የሚባል ነገር የለበትም። ፕሮግራሙ ሥዕሎቼን ማኅበሩ ደጃፍ ላይ እየፈለገ ነው፤ እነሱ ያሉት እኔ ክፍል! ወደ ቤት መጥቼ ሦስተኛውን ሳጥን፣ አንቺ አይንኩት ያልሽውን፣ ነካሁት። ከማኅበሩ አድራሻ ኋላ «እግር» ብዬ ጨመርኩ። ከሦስቱ «እግር» መጻፍ የነበረበት እሱ ላይ ብቻ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በሐፍረት የዘለልኩት እሱኑ።

አወጣሁት፣ ከፈትኩት፣ ያው ባዶ። ቅስሜ ተሰበረ። ልመልሰው እጄን ስዘረጋ እትዬሽ ከመድኃኒት ቤት እየሮጠች መጣች። እዚያ ሁሉም ይታያል! ለካ የእኛ ኮምፒውተር ያየውን የድሮ ገጽ ይዞ አልለቅም ብሎ ነው። አጥፍተን ስናበራው ሠላሳ ስምንቱም ተደርድረው ወጡ። ያንቺ ምክር ባይኖር እስከ ዛሬ ሠላሳኛ እግር እደርብ ነበርና ይቅርታ ማለት የለብሽም። ጸሐፊው ትናንት መጥቶ አንድ በአንድ አየ። የራሱ እናት ቁጥር ሃያ ስድስት ናት። ሲወጣ እጄን ይዞ ቆየ።

ንድፍሽ ደረሰኝ። ከድሮው ላይ ደርቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ግራሽ ወደ ውጭ ተንጋዷል፤ ጨርቁ ነው ያንጋደደው። አልተቆጣሁም። ተቆጥቻለሁ፣ ግን አልፎልኛል። አዲሱን ልክ እትዬሽ እጄን ይዛልኝ ሣልነው፤ ገጹ ላይ ወጥቷል። አሁን እኔ ልሰፋልሽ አልችልም፣ ልጄ። ይህን ማለት ከሁሉም ሳጥን ከበደኝ። ወደዚያች ሴት ተመልሰሽ ሂጂ። አድራሻውን ስጫት። ቋንቋችንን ባታውቅም ሥዕልና ቁጥር ታውቃለች።

ሁለታችንም፣ ጋሼሽና እትዬሽ


የካቲት 28 ቀን

ለምወዳችሁ ጋሼና እትዬ፤

በፍቅር እጅ እነሣለሁ። የዘገየሁት በእጄ የያዝኩት ነገር እስኪያልቅ ነው።

ደብዳቤያችሁ በደረሰኝ ቀን ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ሱቋ የሁለት ሰው መቆሚያ ብቻ ነው ያለው። መነጽሯን አጥልቃ ገጹን ከፈተች። መጀመሪያ የእኔን አየች። ከዚያ ሳትጠይቀኝ ከቁጥር አንድ ጀመረችና እስከ ሠላሳ ስምንት ሄደች። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ደንበኞች በር ላይ ይጠብቃሉ፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። ጽሑፉን ተርጉሚልኝ ስትለኝ «እንዳትቸኩል አይምከራት፣ አትሰማም» የሚለውን ሳልዘል ተረጎምኩ። ቀና ብላ «ይህ ሰው እግር አይደለም የሚለካው፤ አካሄድ ነው» አለችኝ። ጋሼ፣ ይህ በሕይወቴ ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ቃል ነው።

እንጨቱን ራሷ ጠረበች። ሁለት ጊዜ አስለካችኝ። መጀመሪያ ድርቡን ቀነስ አድርጋው ነበር፤ አስሄደችኝ፣ አየችኝ፣ «ሰውዬው ልክ ነው» ብላ ፈታችውና እንዳሉት ጨመረች። ከዚህ በፊት አላውቅበትም ብላ የመለሰቻቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ስልካቸውን ፈልጋ ደውላላቸዋለች።

ጫማውን የተቀበልኩት ዓርብ ነው። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር ከፍቼ ገብቼ ቦርሳዬን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የደረጃውን ብረት አልያዝኩም። ተመልሼ ወረድኩ፤ ደግሜ ወጣሁ። ጎረቤቴ በሯን ከፍታ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ምንም አልጠፋብኝም አልኳት።

እትዬ፣ እውነቱን ስለነገርሽኝ ተባረኪ። ጋሼ፣ እርስዎን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። ፎቶ ልኬያለሁ፤ ከላይም ከጎንም ከሥርም አንሥቼዋለሁ፣ ልክ እንደ ሙያዎ ይመርምሩት።

ልጅዎ


መጋቢት 12 ቀን

ለሯጯ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ፊደሉ ቢንጋደድ የራሴ እጅ ነው። ይህችን አንድ ገጽ ለማንም አልሰጥም ብዬ ሦስት ቀን ጻፍኳት።

ፎቶውን አየሁ። ክሩ ትንሽ ይወፍራል። የተረከዙ አቀማመጥ ግን ከእኔ ይበልጣል፤ እንዴት እንዳደረገችው ጠይቂያትና ጻፊልኝ፣ ገጹ ላይ እጨምረዋለሁ። ማውጣቱን ችዬበታለሁ።

ለሠላሳ ሰባቱ አድራሻውን በወረቀት አድለን ጨረስን። ትናንት ሱቁን ዘጋሁ። አትዘኚ፣ እኔም አላዘንኩም። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ለእትዬሽም ተናግሬው አላውቅም። እኔ የሞትኩ ዓመት የሁሉም ሶል ያልቃል፣ አንድ በአንድ ቤት መዋል ይጀምራሉ እያልኩ በየመንገዱ አስብ ነበር። አንቺን ደግሞ በሰው አገር።

አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ብሞት ማንም ቤት አይቀርም።

ጋሼሽ